ዴስክቶፕ ላይ ራም መጨመር፦ ሥራው ያለው ግዢው ላይ ነው

እህቴ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አላት። አንድ ቀን ደውላ «ናና ይሄን ኮምፒውተር አንድ በለኝ፣ ደንበኛ ፊት እያሳቀቀኝ ነው» አለችኝ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የምታዩት ዓይነት ጥቁር ኬዝ። ወርድ ትከፍታለች፣ ክሮም ትከፍታለች፣ ከዚያ ደንበኛው በቴሌግራም የላከላትን ፋይል ላውርድ ስትል ስታክ ያደርጋል። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ሁሉ ቆሟል። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዎች ፎርማት አድርገውላታል። እኛ ጋ ኮምፒውተር ምንም ይመመው ምን መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ለሳምንት ፈጠን ይላል፣ ከዚያ እዚያው ነው።

የጎደለው ራም ነበር፣ ኮምፒውተሩ የከፈታችሁትን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ (ሜሞሪ)። ጨመርንለት፣ ተስተካከለ። በመጀመሪያው ሙከራ ግን አይደለም፤ መጀመሪያ ገዝቼ የሄድኩት ራም ጭራሽ አልሠራም። ጥፋቱ ግማሹ የሻጩ፣ ግማሹ የኔ ነው። ራሙን መክተት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ልጅም ይከተዋል። ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በፊት ስለሆነ እኔም ብዙ የማወራው ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ ራም መሆኑን እዩ

ኮምፒውተሩን ማየት ያለባችሁ በደህናው ሰዓት ሳይሆን በሚያስቸግርበት ሰዓት ነው። በሥራ ቀን የምትከፍቷቸውን ነገሮች ሁሉ ክፈቱ፦ ፒችትሪም ከሆነ፣ ፎቶሾፕም ከሆነ፣ ክሮም ላይ አሥራ አምስት ታብም ከሆነ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግቡና «ሜሞሪ»ን እና «ዲስክ»ን አስተያዩ።

ሜሞሪው 85፣ 90 ከመቶ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ራም ነው የጎደላችሁ። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ ግን 100 ከመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ተዉት፣ ራም አትግዙ። ያ የድሮው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ገንዘቡን ኤስኤስዲ ላይ፣ የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ ላይ፣ አውሉት። ሁለቱም ሞልተው ከሆነ ራም ያነሰው ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ እያስቀመጠ ስለሚሠራ ነው ዲስኩም የሚጨናነቀው፣ ስለዚህ ከራሙ ጀምሩ።

አንድ ሌላ ነገርም እዚያው እዩ። ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ግቡና «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን አንብቡ። 32 ቢት የሚል ከሆነ ራም ብትከምሩበትም ዋጋ የለውም፤ እኛ የምንጭነው 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጂቢ በላይ አይጠቀምም፣ ከዚያም ላይ ቆራርጦ 3 ጂቢ ምናምን ነው የሚተርፋችሁ። መጀመሪያ 64 ቢት ማስጫን ነው። እዚህ ላይ ብቻ ፎርማት የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው።

ስንት ይበቃል? ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለኢንተርኔት 8 ጂቢ ይበቃል። ፎቶሾፕ ወይም ብዙ ታብ ካለ 16። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ሰዎች ስንት እንደሚያስፈልጋችሁ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ያላችሁን እወቁ

እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪን ስትነኩ ከታች «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል አለ። የእህቴ «2 ከ4» ይላል። ማለትም አራት ማስገቢያ አለ፣ ሁለቱ ተይዘዋል፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ጠቅላላው 4 ጂቢ ስለነበር ሁለት ፍሬ ባለ 2 ጂቢ ተሰክቷል ማለት ነው። ፍጥነቱም እዚያው ተጽፏል። ሲፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ብታወርዱ ደግሞ የየማስገቢያውን ራም ለየብቻ፣ ከነዓይነቱ፣ ሳትከፍቱ ያሳያችኋል።

ከዚያ ሞዴሉን ጻፉና ስንት ጂቢ ድረስ እንደሚቀበል ከአምራቹ ገጽ ላይ እዩ። የእህቴ 7010 እስከ 32 ጂቢ ዲዲአር 3 ይቀበላል (ዲዲአር 3፣ 4፣ 5 የራም ትውልዶች ናቸው)። ግን ተጠንቀቁ፣ ዴል በ2012 ያወጣው 7010 አለ፣ በ2023 ያወጣውም 7010 አለ። ስሙ አንድ፣ ዘመኑና ራሙ ለየቅል። «የ7010 ራም ስጠኝ» ብሎ መሄድ አይበቃም ማለት ነው። ባለ ሁለት ማስገቢያ የሆኑት ኤች 61 የሚባሉት ማዘርቦርዶች (ማዘርቦርድ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ነው) ደግሞ ከ16 ጂቢ አያልፉም።

የራሙን ትውልድ ከፕሮሰሰሩ መገመት ይቻላል። ኢንቴል ኮር ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ ከሆነ ዲዲአር 3 ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ አብዛኛው ዲዲአር 4 ነው፣ አንዳንዱ ግን ዲዲአር 3 ኤል ይጠቀማል። ከስምንተኛ እስከ አሥራ አንደኛ ዲዲአር 4። ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ እንደ ማዘርቦርዱ 4ም 5ም ሊሆን ይችላል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቮልቴጃቸውም የተለያየ ነው፦ ዲዲአር 3 በ1.5፣ ዲዲአር 4 በ1.2፣ ዲዲአር 5 በ1.1 ቮልት ነው የሚሠሩት። ከራሙ ታች ያለችው ቁርጥ ቦታዋ የተለያየው በስህተት እንዳይከተት ነው።

እነዚያ መጽሐፍ የሚያካክሉ ትንንሽ ዴስክቶፖች፣ ዴል ማይክሮ፣ ኤችፒ ሚኒ የሚባሉት፣ የላፕቶፕ ራም ነው የሚወስዱት። አጭሩን።

ወረቀቷን ማንበብ

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ነው። ሱቁ ገብቼ «ዲዲአር 3፣ ባለ 4 ጂቢ፣ ሁለት ፍሬ» አልኩ። ልጁ ከመሳቢያ አወጣልኝ። ዋጋው ከጠበቅኩት ቀነስ ይላል፤ ያኔ መባነን ነበረብኝ። «ለዴስክቶፕ ነው አይደል?» አልኩት። «ራም ራም ነው፣ ይሠራል» አለኝ። አመንኩት።

ራም ራም አይደለም። የሰጠኝ ከሰርቨር፣ ከትልልቆቹ የድርጅት ማሽኖች፣ የወጣ ነበር። ርዝመቱ አንድ፣ ቁርጡ አንድ ቦታ፣ ማስገቢያው ውስጥም እንደ ዳቦ ቢላ ሰተት ብሎ ይገባል። ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም።

ልዩነቱ ያለው ራሙ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ባለች አንዲት ፊደል ነው። የእህቴ የድሮው ላይ «2 ጂቢ» ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ «ፒሲ3-12800ዩ» የሚል አለ። ፒሲ3 ማለት ዲዲአር 3 ነው። 12800ን ለ8 ስታካፍሉት 1600 ይመጣል፣ ያ ፍጥነቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ዩ የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የዴስክቶፕ ራም መሆኑን ትናገራለች። እኔ የገዛሁት ላይ በዚያ ቦታ አር ነበር የተጻፈው። አር ካለ የሰርቨር ነው፣ ዘወር በሉ። ኤስ ካለ የላፕቶፕ። ከፒሲ3 ቀጥሎ ኤል ካለ ደግሞ በ1.35 ቮልት መሥራት የሚችል ዲዲአር 3 ነው፤ እሱ በ1.5ም ስለሚሠራ ለድሮ ማሽን ችግር የለውም። የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም፣ ኤል የሚፈልግ ማሽን ላይ ተራውን አትክተቱ።

ዲዲአር 4 ላይ አጻጻፉ ትንሽ ይለያል። «ፒሲ4-2400ቲ» ይልና ሰረዝ አድርጎ በዩ፣ በአር ወይም በኤስ የሚጀምር ሌላ ነገር ይከተላል። እዚያ ፍጥነቱ በቀጥታ ስለተጻፈ ማካፈል የለም፤ ፊደሏን ግን ከሰረዙ በኋላ ፈልጓት።

ሌላ ወጥመድ አለ። ለኤኤምዲ (ከኢንቴል ሌላ ያለው ፕሮሰሰር) ብቻ የሚሠራ ርካሽ ዲዲአር 3 ገበያ ላይ ይዞራል። አንዳንዱ ላይ ይጻፋል፣ አንዳንዱ ላይ አይጻፍም። ኢንቴል ላይ ስትሰኩት አይነሳም፣ ራሙ ግን አልተበላሸም። ለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፦ ሳትሞክሩ አትግዙ።

አገዛዙ

ከቻላችሁ ኬዙን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። አውቃለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ኬዝ ታቅፎ መቀመጥ ደስ አይልም፤ ረዳቱም ሁለት ሰው ሊያስከፍላችሁ ይሞክራል። ግን እዚያው ሰክተው፣ ተነስቶ፣ ጂቢው ተቆጥሮ ነው የምትከፍሉት። ካልሆነ ያለውን ራም አንዱን ነቅላችሁ ውሰዱና «የዚህን ወንድም» በሉ። ስትይዙት በፌስታል አትጠቅልሉት፣ ፌስታል እርስ በርሱ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። አዲስ ራም የሚመጣበት ብርማ ከረጢት ካለ በሱ፣ ከሌለ በወረቀት ፖስታ። የወረቀቷንም ፎቶ በስልክ አንሱ።

ያገለገለ ራም መግዛት እኔን አያስፈራኝም። እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከርና የሚያልቅ ነገር የለውም። የማይሠራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያስታውቃል። «ካልሠራ ትቀይርልኛለህ?» ብላችሁ ደረሰኝ ላይ አጽፉ። እኔ ሳላጽፍ ሄጄ የሰርቨሩን ራም ለማስቀየር ግማሽ ቀን ስከራከር ዋልኩ።

ሁለት ፍሬ አንድ ዓይነት መግዛት ከአንድ ትልቅ ይሻላል። 8 ጂቢ ከፈለጋችሁ 4 እና 4። ማዘርቦርዱ ሁለቱን በሁለት መንገድ ጎን ለጎን ስለሚያነባቸው ፍጥነት ይጨምራል፤ በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ልዩነቱ ይታያል፣ ምክንያቱም ስክሪኑም ከዚያው ራም ነው የሚበላው። ብራንዱ መመሳሰል የለበትም። ፍጥነቱ ከተለያየ ሁሉም በዝግተኛው ይሄዳሉ፣ ያው እንደ ቤተሰብ ጉዞ። 4 እና 8 መቀላቀልም ይቻላል፣ አይከለከልም።

መክፈት

አሁን ወደ ቀላሉ መጣን። ካቻቪቴ፣ ላጲስና ጥሩ ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ ይበቃችኋል። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ።

ኮምፒውተሩን ዝጉ። ዊንዶውስ ሲዘጋ በኋላ ቶሎ ለመነሳት ብሎ ግማሽ ነገር አስቀምጦ ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ሺፍትን ይዛችሁ «ሻት ዳውን»ን ንኩ፣ ያኔ በደንብ ይዘጋል። ቀጥሎ የመብራቱን ገመድ ከኬዙ ጀርባ ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ዩፒኤስ ላይ ከሆነም ገመዱ ራሱ ይነቀል። ከዚያ የማስነሻ ቁልፉን ለአሥር ሰኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የቀረው እንዲወጣ። ማዘርቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት ካለች መጥፋቷን እዩ።

ኬዙን በጎኑ አስተኙት። ዴሎቹ ጎናቸው ላይ የሚጎተት መክፈቻ አላቸው። ሌሎቹ ከኋላ በእጅ የሚፈታ ብሎን ይኖራቸዋል። በአንዳንዶቹ ጠባብ ኬዞች የሲዲ ማጫወቻው ወይም ሃርድ ዲስኩ ራሙን ስለሚሸፍነው መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ማውጣት ያስፈልጋል። ማንኛውንም ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉ፣ አታስታውሱትም።

የእህቴን ስከፍት ያገኘሁትን አቧራ ብትመዝኑት ሩብ ኪሎ ባይሞላ ነው። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ስለሚቀመጥ የወረቀት ብናኝም አለበት። በብሎወር ንፉት፣ ደጅ አውጥታችሁ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል።

ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። በተለይ በበጋ ሹራብ ለብሳችሁ ስታወልቁ ጠጠጥ የሚለው ነገር ለራም ጠላቱ ነው። ራሙን በጠርዙ ያዙ፣ ወርቃማዎቹን ጥርሶች አትንኩ።

የትኛው ማስገቢያ

ሁለት ማስገቢያ ብቻ ካለ ሐሳብ የለም፣ ሁለቱንም ሙሉ። አራት ካለ ግን ቦታው ለውጥ ያመጣል። አዲስ ሁለት ፍሬ ብቻ የምትሰኩ ከሆነ በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው ትክክለኞቹ። የእህቴ ዓይነት ዴል ላይ ደግሞ መያዣቸው ነጭ የሆኑት ይቀድማሉ፣ ጥቁሮቹ ይከተላሉ። ሁሌም ቦርዱ ላይ ከማስገቢያው አጠገብ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ከኔ እሱን እመኑ።

እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው። የድሮዎቹን ባለ 2 ጂቢ ሁለቱን ከነጮቹ ነቀልኩ፣ አዲሶቹን ባለ 4 ሁለቱን እዚያ ከተትኩ፣ የድሮዎቹን ወደ ጥቁሮቹ አዛወርኩ። ድምር 12 ጂቢ።

አከታተቱ እንዲህ ነው። የማስገቢያውን ጫፍና ጫፍ መያዣዎች ወደ ውጭ ግፉ፣ ይከፈታሉ። አንዳንዱ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚከፈተው። ራሙን አምጡና ከታች ያለችውን ቁርጥ ማስገቢያው ውስጥ ካለችው ጉብታ ጋር አስተካክሉ። ቁርጧ መሐል ላይ አይደለችም፣ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ካልገጠመች ራሙን አዙሩት። አዙራችሁም ካልገጠመች ትውልዱ ሌላ ነውና አታስገድዱት፣ ቁሙ።

ከገጠመች ሁለቱን አውራ ጣት ጫፍና ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ተጫኑ። እዚህ ጋ ሰው ይፈራል። ከምትገምቱት በላይ ጉልበት ይፈልጋል፣ ቦርዱም ትንሽ ለጠጥ ሲል ይሰማችኋል። መያዣዎቹ ራሳቸው ተነስተው «ቀጭ» እስኪሉ ድረስ ነው። አንዱ ጎን ቀጭ ብሎ ሌላው ዝም ካለ ገና አልገባም። ዝቅ ብላችሁ በጎን ብታዩት ወርቃማው መስመር ዘመም ብሎ ከታየ ያ ነው።

ማስነሳት

ክዳኑን ገና አትዝጉ። መብራቱን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ሰክታችሁ አስነሱ። ዴሎቹ የራሙ መጠን ተቀይሯል የሚል መልእክት አውጥተው ሊቆሙ ይችላሉ፣ የድሮ ኤችፒዎችም 164 የሚል ቁጥር ያለው መልእክት ያወጣሉ። ብልሽት አይደለም፣ ኤፍ 1ን ነክታችሁ እለፉ። ዲዲአር 5 የከተተ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሳ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ስለሚችል ደንግጦ እንዳያጠፋው። ማሽኑ ራሙን እያጠናው ነው።

የሰርቨሩን ራም የሰካሁ ዕለት ግን የሆነው ሌላ ነው። ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ፣ ከዚያ ጢጥ፣ ጢጥ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ «ገደልከው አይደል?» አለች። አልገደልኩትም። በቆዩ ዴሎች ላይ ሁለት ጊዜ መጮህ ራም አላገኘሁም ማለት ነው፣ በቆዩ ኤችፒዎች አምስት ጊዜ።

እንዲህ ሲሆን መብራቱን ንቀሉና አዲሱን አውጡ፣ በድሮው ብቻ አስነሱ። ከተነሳ ማሽኑ ደህና ነው። ከዚያ አዲሱን አንድ ፍሬ ብቻ፣ በመጀመሪያው ማስገቢያ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ፍሬ እዚያው ቦታ። አንዱ ሠርቶ ሌላው እምቢ ካለ የተበላሸውን አወቃችሁ። ሁለቱም በአንድ ማስገቢያ ሠርተው በሌላው ካልሠሩ ችግሩ ማስገቢያው ነው፣ አቧራውን አውጡ። ያገለገለ ራም ከሆነ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ በስሱ ፈግጉና ፍርፋሪውን አራግፉ፤ ይሄ ብቻውን ስንቱን «የሞተ» ኮምፒውተር አስነስቷል። በየመካከሉ መብራቱን መንቀል እንዳትረሱ። ይሄም ካልሠራ ያችን ክብ ሳንቲም የምታክል ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለውን፣ ለአምስት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ። ሰዓቱና ቀኑ ይጠፋል፣ ታስተካክሉታላችሁ።

ማረጋገጥ

ዊንዶውስ ከገባ ታስክ ማናጀርን ድጋሚ ክፈቱ። ጠቅላላው ልክ ነው? ማስገቢያው «4 ከ4» ይላል? ፍጥነቱስ? ጥቂት መቶ ሜጋባይት ጎድሎ ብታዩ የግራፊክሱ ድርሻ ነው፣ አይግረማችሁ። አንድ ሙሉ ፍሬ ከጎደለ ግን ደህና አልገባም፣ ነቅሎ መልሶ መክተት ነው።

ከዚያ ማታ ላይ ፈተና ስጡት። ስታርት ላይ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና ይመረምራል። ጠንከር ያለ ከፈለጋችሁ ሜምቴስት 86 ፕላስ በፍላሽ አድርጋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፣ መብራት ካልሄደ። አንድም ቀይ ስህተት ከታየ ያ ራም ወደ ሱቁ ይመለስ። «አንድ ብቻ ነው» አይባልም፤ ዛሬ ሰማያዊ ስክሪን፣ ነገ የተበላሸ የደንበኛ ፋይል ነው የሚያመጣው።

የእህቴ አለፈ። ክዳኑን ገጥሜ፣ ወደ ጥጉ መልሼ፣ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ከፈትኩላት፦ ወርድ፣ ክሮም፣ ቴሌግራም። ሜሞሪው ግማሽ ላይ እንኳ አልደረሰም። «ታዲያ ያ ሁሉ ፎርማት ለምን ነበር?» አለችኝ፣ እኔ ፎርማት ያደረግኩት ይመስል። ከዚያ ስካነሩን አሳየችኝ። እሱም ዘግይቷል፣ ራም ጨምርለት።